ካፕስ ሎክን ኮንትሮል አድርገኸው ሪስታርት ሲሆን ለሚጠፋብህ

ወንድሜ፣ የግራ ኮንትሮልህ ሞቶ ካፕስ ሎክን በሱ ቦታ ተክተሃል። የሚተካውን ትእዛዝ ባሽአርሲ (.bashrc) የሚባለው ፋይል ውስጥ ጽፈኸዋል፤ ኡቡንቱ (ሊኑክስህ) እንደገና ሲነሳ ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል ብለሃል። የኔም ላፕቶፕ ልክ እንደዚህ ነበር። ብቻ ጥገና ቤት እንዳትሄድ!

1. ባሽአርሲ ውስጥ ያስገባኸውን መስመር አጥፋው። ያ ፋይል የሚነበበው ተርሚናል ስትከፍት ነው። ዴስክቶፑ ሲነሳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

2. ስክሪኑ ላይ የምታየውን መስኮት ሁሉ የሚያሳይህ ሲስተም ዌይላንድ ነው ወይስ የድሮው ኤክስኦርግ? ሴቲንግስ ውስጥ አባውት የሚለውን ከፍተህ እይ። ኡቡንቱ ከ21.04 ወዲህ አብዛኛው ማሽን ላይ በዌይላንድ ነው የሚነሳው። ዌይላንድ ከሆነ ሴትኤክስኬቢማፕም ሆነ ኤክስሞድማፕ የሚባሉት ቁልፍ መቀየሪያ ትእዛዞች አይጠቅሙህም፤ የኤክስኦርግ ዕቃዎች ናቸው።

3. ስክሪፕት (ትእዛዙን የያዘ ትንሽ ፋይል) ጽፈህ ስታርትአፕ አፕሊኬሽንስ ውስጥ፣ ማለትም ሎግ ኢን ስታደርግ አብረው የሚነሱት ዝርዝር ውስጥ ክተት የሚሉህ ይኖራሉ። ኤክስኦርግ ላይ ይሠራል፣ አልዋሽህም። ግን ጂኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ሲነሳ የራሱን የኪቦርድ ሴቲንግ ይጭናል። ስክሪፕትህ ከሱ ቀድሞ ከጨረሰ ልፋትህ ገደል ገባ። ታዲያ «ስሊፕ ጨምርበት፣ ትንሽ ይጠብቅ» ይሉሃል። ጨመርኩ። ጠዋት ሠራ። ከሰዓት የዩኤስቢ ኪቦርድ ስሰካ እንደገና ድራሹ ጠፋ።

ያኔ ነው ተናድጄ ቁልፉን ላስጠግን የሄድኩት። ልጁ ላፕቶፑን በቅጡ እንኳ ሳያይ «ኪቦርዱ በሙሉ ይቀየራል» አለኝ። የሞተው አንድ ቁልፍ ነው፣ ሌላው ሴቲንግ ነው ብዬ ላስረዳው ስል «ሊኑክስ ነው እንዴ? ዊንዶውስ እንጫንልህ፣ ይስተካከላል» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀብኝ። ሲጨርስ የምርመራ ሂሳብ ጠየቀኝ። ምኑን እንደመረመረ እሱ ይወቅ። ከፍዬ ወጣሁ።

መፍትሄውን ቤቴ ገብቼ ራሴ አገኘሁት። ጂኖም ትዊክስ የሚባለውን የሴቲንግ ማስተካከያ ፕሮግራም ጫን። ኪቦርድ የሚለው ውስጥ አዲሽናል ሌይአውት ኦፕሽንስን ክፈት፤ ከዚያ ኮንትሮል ፖዚሽን ስር «ካፕስ ሎክ አስ ኮንትሮል» ላይ ምልክት አድርግ። በቃ። ስክሪፕት የለ፣ ስሊፕ የለ። ምርጫህ ጂኖም ራሱ ሲነሳ በሚያነበው ሴቲንግ ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚደመስሰው የለም። ዌይላንድም ላይ ይሠራል። ኪቦርድ ነቅዬ ብሰካ፣ ወደ አማርኛ ብቀይር፣ ንቅንቅ አላለም። አሁን መሥሪያ ቤት ኪቦርድ ያስቸገረው ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከቡና በላይ አላስከፍልም።

ትዊክስ ውስጥ የሌለ የራስህ የቁልፍ ቅያሪ ካለህ ግን ወደ ስክሪፕቱ መመለስህ ነው። የፋይሉን አድራሻ ሙሉውን ጻፍ፣ በቲልዳ (~) አታሳጥረው። እንዲሠራ ፈቃድ መስጠትም አትርሳ። ደግሞ ሎግ ኢን ስታደርግ ኤክስኦርግን መምረጥ አለብህ፤ ኡቡንቱ 25.10 ላይ ይሄ ምርጫ ተነስቷል።

ሌላው፣ የትዊክሱ ሴቲንግ ላንተ አካውንት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሎግ ኢን ለማድረግ ፓስዎርድ የምትጽፍበት ገጽ ላይ ካፕስ ሎክ ያው ካፕስ ሎክ ነው። ሳታውቀው ነክተኸው «ፓስዎርድህ ልክ አይደለም» ቢልህ እንዳትደነግጥ።