መልስ፦ ዘይቱን በሃዋይ ለምን ይጠቅማል?

ወንድሜ፣ «ዘይቱን ለሃዋይ መጤ ዛፍ ከሆነ እንዴት የባህል መድኃኒት ሊሆን ቻለ?» ብለህ ነበር። እውነት ነው፣ መጤ ነው። አገሩ የአሜሪካ ሞቃታማው ክፍል ሲሆን ሃዋይ የደረሰው በ1800ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ግን ቶሎ ለመዱትና «ኩዋቫ» ብለው የራሳቸው አደረጉት።

ፍሬው ብቻ እንዳይመስልህ፤ መድኃኒቱ ቅጠሉ ላይ ነው። «ሊኮ» የሚሉት ገና ያልተዘረጋ ለጋ ቅጠል አለ፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው እሱን ያኝካል ወይም አፍልቶ ይጠጣዋል። ቅጠሉ አፍ የሚያጨማድድ ታኒን ስላለው ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም፤ ግን ተቅማጡ ከበረታ ወይም ልጅ ከሆነ የታመመው፣ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ቅጠል ላይ መተማመን አይሆንም። ለቁስልና ለወለምታም ቅጠሉን ከጨው ጋር ወቅጠው ያስሩበታል። እንጨቱ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ለማገዶና ሥጋ በጭስ ለማብሰል ይወዱታል።

ከትንሹ ቀይ ዘይቱን ጋር እንዳታምታታው ብቻ። እሱ በ1825 ገብቶ የአገሬውን ደን እየወረረ ያስቸገራቸው ዘመዱ ነው።