በርሜሉን ቶሎ አትክፈቱት

ባለፈው ስለ ከሰል አንድ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ።

ግቢዬ ውስጥ የቆረጥኩት ባህር ዛፍ አለ፤ አሮጌ በርሜልም አለኝ። ጉድጓድ ሳልቆፍር ማክሰል እችላለሁ? (ከደብረ ብርሃን)

ይችላሉ። መጀመሪያ ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ይጠይቁ። የምግብ ዘይት ከነበረ ጥሩ ነው። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ከሆነ ይተዉት። የነዳጅ በርሜልም ይቅርብዎት፤ ውስጡ የቀረው ትነት ገና ሲቆርጡት ሊፈነዳ ይችላል።

እንጨቱ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ከሆነ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውሃ በማትነን ነው። ውፍረቱ የእጅ አንጓ ያህል፣ ደግሞም ተቀራራቢ ይሁን። አለበለዚያ ቀጭኑ አመድ ሲሆን ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል።

ባለ 200 ሊትሩን በርሜል አፉን ከፍተው መቀመጫው ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ ይብሱ። ከዚያ በሦስት ጉልቻ ላይ ያስቀምጡት። ፍልጡን አቁመው ይደርድሩ፣ መሃሉን ለጭራሮ ይተዉ። ይለኩሱትና ክፍት እንዳለ በደንብ ይያያዝ። እሳቱ ሁሉንም ሲያዳርስ ክዳኑን ይጫኑ፤ ጭስ እንዲወጣ ግን ጣት የምታህል ክፍተት ትኑር።

ከዚህ በኋላ ሥራዎ ጭሱን ማየት ነው። መጀመሪያ ወፍራምና ነጭ ነው፤ አብዛኛው የእንጨቱ ውሃ ነው። ቀጥሎ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። በመጨረሻ ይሳሳል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያኔ ፈጠን ይበሉ! እንጨቱ አልቆ ከሰሉ ራሱ ሊነድ ነው። የበርሜሉን ዙሪያ ከታች በአፈር ይድፈኑ፣ ክዳኑን ገጥመው በጭቃ ይምረጉት። ጭስ የሚሾልክበት ቦታ ካዩ እዚያም ጭቃ ይለጥፉ። ከዚያ እስከ ነገ ይርሱት።

ከአሥር ኪሎ ደረቅ እንጨት ሁለት ኪሎ ገደማ ካገኙ ጥሩ ሠርተዋል። ጥሩ ከሰል ሲጋጭ ቅጭል ይላል። ድምፁ ድፍን ያለ፣ ሲሰብሩት መሃሉ ቡናማ የሆነ ገና አልበሰለም፤ ለሚቀጥለው ዙር ያቆዩት።

ማታ ዘጋሁት፣ ጠዋት ስከፍተው ግማሹ አመድ ነው። ምን አጠፋሁ? (ከባህር ዳር)

አየር አግኝቶ ነው። አንድ ያልተደፈነ ቀዳዳ ይበቃዋል።

እኔም ደርሶብኛል፤ የእኔ ግን የችኮላ ነው። ከዘጋሁት ገና አራት ሰዓት ሳይሞላው ክዳኑን አነሳሁ። ውስጡ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር ከሰል! ጎረቤት ጠርቼ እያሳየሁ ሳለ ከታች አንዲት ቀይ ነጥብ ታየች። «ምንም አይደል» አልኩ። ቡናው ተፈልቶ ሳያልቅ በርሜሉ እሳት ሆነ። የተረፈኝ አንድ ሳፋ አመድ ነው። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ «አክሳዩ» እያለ ይጠራኛል።

ስለዚህ በእጅዎ ሲነኩት በርሜሉ ጭርሱን ቀዝቃዛ ይሁን። ካወጡትም በኋላ አንድ ቀን ውጭ ይደር እንጂ ወዲያው በማዳበሪያ ሞልተው ቤት አያስገቡት። የጠፋ የመሰለ ከሰል ከረጢት ውስጥ ተመልሶ ይነሳል።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ይቻላል?

አይቻልም።

ለተማሪዎቼ በትንሹ ላሳያቸው ብፈልግስ? (መምህር፣ ከጎንደር)

ይሄ ደስ ይላል። ክዳኑ የሚገጥም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይፈልጉ። ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ ይብሱ፣ በደረቅ ስንጥር ሞልተው ውጭ በሚነድ እሳት ውስጥ ያስቀምጡት። ትንሽ ቆይቶ ከቀዳዳው ጭስ ይወረወራል። ክብሪት ሲያስጠጉበት እንደ ኩራዝ ይበራል፤ የሚነደው ከእንጨቱ የወጣው ጋዝ ነው። መብራቱ ሲጠፋ በስሏል። በመቆንጠጫ አውጥተው ቀዳዳውን በጭቃ ይድፈኑና ይቀዝቅዝ። ልጆቹ ራቅ ብለው ይቁሙ።

ግራር ይሻላል ወይስ ባህር ዛፍ?

ለከሰልነቱ ግራር ይበልጣል። ክብደት አለው፣ ፍሙም ይቆያል። ግን ግራር ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያስቡ። ከደን መቁረጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሆንም። የአዊ ገበሬዎችን ይመልከቱ። በገዛ ማሳቸው ዲከረንስ የሚባል፣ ቶሎ የሚደርስ የግራር ዘመድ ሲተክሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት መሃል ለመሃል ጤፍ ሲዘሩበት፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው ሲያከስሉ ኖረዋል። እርስዎም የራስዎን ዛፍ ቅርንጫፍ ካከሰሉ ይበቃል።

እዚህ ለባርቤኪው የሚሸጠውን ከሰል አፓርታማ ውስጥ ለቡና ማፍያ ብጠቀመውስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

እህቴ፣ እባክሽ አታድርጊው። ሽታውን ተይው፤ ዋናው ጣጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በክብሪት ቶሎ እንዲያያዝ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ማቀጣጠያ ኬሚካል የተነከረ ነው። ጀበናውን ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣጂው። ቄጠማው፣ ፈንዲሻውና ወሬው አይቀሩብሽም።

ክረምት ላይ ማንደጃ መኝታ ቤት እናስገባለን። አማቴ «ነጭ ከለበሰና ጭሱ ካለቀ አይመታም» ይላሉ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

አማትዎን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ነጭ የለበሰው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስነጥስ። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ይሄንንም ሳያውቅ ያልፋል። ጨው ጣል ማድረግም ሆነ ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥ ጋዙን አይዘውም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምን። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ውጭ ይውጣ። የተመታ ሰው ካለ ወዲያው ወደ አየር፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።

አማትዎን ለማሳመን ከከበደዎት፣ ወፍራም ጋቢ ይግዙላቸው።