«የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት» ተመረጠች ወይስ ተሾመች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለ ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «እ.ኤ.አ. በ2022 ዶክተር ሞኒፋ ማክናይት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሱፐርኢንተንደንት ሆና ተመረጠች። ይህ ለጥቁሮች ትልቅ ውክልና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ተሾመች ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነት አላቸው። «መረጠ» ሁለት ሥራ ይሠራል። ቲማቲምም ይመረጣል፣ የፓርላማ አባልም ይመረጣል። ስለ ባለሥልጣን ስናወራ ግን ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ኮሮጆው ነው። ሞንጎመሪ ውስጥ በድምፅ የሚመረጠው የትምህርት ቦርዱ ነው። ስምንት አባላት አሉት፤ አንዱን እንዲያውም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚመርጡት። የካውንቲውን ትምህርት ቤቶች በሙሉ የሚመራውን ሱፐርኢንተንደንት የሚሾመው ይህ ቦርድ ነው። «ተመረጠች» ብለው ካወጡት አንዲት እናት «እኔ መቼ ድምፅ ሰጠሁ?» ብትል አይፈረድባትም። ፍሎሪዳ ቢሆን ዛሬም ሕዝብ ሱፐርኢንተንደንቱን የሚመርጥባቸው ካውንቲዎች ስላሉ ቃሉ ቦታውን ያገኝ ነበር። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ሿሚው ከንቲባው ነው። ስለዚህ ማን እንደሾመም ይጻፉ።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን «የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት» ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ «ከእሷ በፊት ነጭ ሴት ነበረች ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። አልነበረችም። ማክናይት ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ጥቁር ግን ከእሳቸው በፊት ነበር፤ ፖል ቫንስ በ1990ዎቹ ያንኑ ካውንቲ መርተዋል። የእርስዎ ሐረግ የሚሠራው ኒው ዮርክ ላይ ነው። እዚያ ሪቻርድ ግሪን በ1988 የመጀመሪያው ጥቁር ቻንስለር (የከተማው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ) ሆነዋል። እንደ ካርመን ፋሪኛ ያሉ ሴቶችም ተሹመዋል። ጥቁርም ሴትም የሆነ ሰው ግን እስከ 2021፣ ሚሻ ሮስ ፖርተር እስኪሾሙ ድረስ አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ዶክተር ብለው ጀምረው «ተመረጠች» ማለት ትንሽ ይጎረብጣል። አንቱታው ይግባ። «ተሾሙ» ሲሉ ግን ግሱ ሴትነቱን ይውጠዋል፤ «ሴት» የሚለውን እንዳይዘሉት።

«ውክልና»ን እዚህ አልወደውም። ለእኛ ውክልና ማለት አዲስ አበባ ያለውን ቤት እንዲሸጥልን ለወንድማችን የምንሰጠው ወረቀት ነው። ኤምባሲ ሄዶ ያሠራ ያውቀዋል። ወካይ አለ፣ ሲከፋውም ይሽራል። ሱፐርኢንተንደንት ግን ተጠሪነቷ ለቦርዱ ነው፤ ጥቁሮች ተሰብስበው የሰጧት ውክልና የለም። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት «ጥቁር ተማሪዎች እንደነሱ ጥቁር የሆነ ሰው በበላይ ኃላፊነት ላይ አዩ» ከሆነ፣ እንደዚያው ይበሉት። ይረዝማል፣ ግን ይገባል። «ቦርዱ ዘር አይቶ ሾመ» የሚል ነገርም እንዳያስገቡ። በእኛ አማርኛ ይህ ክስ ነው፤ ወገኑን ጠቀመ ማለት ነው። ስለ ቆዳ ቀለም ከሆነ «የቆዳ ቀለም» ይበሉ።

«ለጥቁሮች» ሲሉ ደግሞ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ አስመስለውታል። እንዲህ የሚያወራ ሞልቷል። የአንባቢዎችዎ ልጆች በትምህርት ቤቱ መዝገብ ጥቁር ተብለው እኮ ነው የሚቆጠሩት! ከባርነት ዘመን ጀምሮ እዚያ የኖሩትን ብቻ ለመጥቀስ ከፈለጉ «ጥቁር አሜሪካውያን» ይበሉ። «ጥቁር ተማሪዎች» ካሉ የእኛም ልጆች አሉበት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «እ.ኤ.አ. በ2022 የካውንቲው ትምህርት ቦርድ ዶክተር ሞኒፋ ማክናይትን ሱፐርኢንተንደንት አድርጎ ሾማቸው። ጥቁር የሆኑት ዶክተር ማክናይት በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።»

«ሱፐርኢንተንደንት»ን እንዳለ ይተዉት፣ ወላጆች ለምደውታል። «ርዕሰ መምህር» ግን እንዳይሉ፤ እሱ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው።