ለኮምቦልቻው ክራር ተጫዋች፦ ዘፈንህን በኢንተርኔት ከመሸጥህ በፊት

ወንድሜ፣ ስድስት ዘፈን ቀርጸህ እንደጨረስክና ሰው ከኢንተርኔት እየገዛ እንዲያወርደው እንደምትፈልግ ገልጸህ «ከየት ልጀምር?» ያልከውን አነበብኩ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አምባሰልና ባቲ አዜማለሁ። አልበሜን ባንድካምፕ በሚባለው፣ ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን በቀጥታ ለአድማጭ በሚሸጡበት ድረ ገጽ መሸጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። አካውንት እንዴት እንደሚከፈት ማንም ያሳይሃል፤ እኔ የምጽፍልህ የከፈልኩትን አንተም እንዳትከፍል ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዘፈንህ የፈረምከውን ወረቀት አውጥተህ አንብብ። መፈረምህ አይቀርም፤ ዛሬ ዘፈን ብዙ ጊዜ ያለ ክሊፕ አይወጣም፣ ክሊፕ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። እኔን አንድ የዩቲዩብ ቻናል ያለው ሰው «ክሊፑን በነፃ እሠራልሻለሁ» አለኝ። ፒያሳ ቡና ቤት ተቀምጠን አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበልኝ፤ ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ፈረምኩ። ሦስተኛው መስመር «በማንኛውም ዲጂታል መንገድ የማሰራጨት ሙሉና ብቸኛ መብት» ይላል። እኔ ስለ ክሊፑ ብቻ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘፈኑን በአልበሜ ውስጥ ሳወጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ከገጼ ላይ ተነሣ። ሰውዬው የባለመብትነት አቤቱታ አስገብቶ ነው። በራሴ ዩቲዩብ ላይ የጫንኩትም የማስታወቂያ ገቢው ወደ እርሱ ይሄድ ነበር፤ ኮንቴንት አይዲ በሚባለው ድምፅ የሚለይ ሥርዓት ዘፈኑን በስሙ አስመዝግቦታል። ግጥሙ እኮ እናቴ ከሰኞ ገበያ ስትመለስ ስታንጎራጉር ከሰማሁት ተነሥቼ ራሴ የጻፍኩት ነው! ሄጄ ባነጋግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፈርመሻል አይደል?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። የግጥምና የዜማ ደራሲው አንድ መብት አለው፣ ከዋኙ (ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ) ሌላ፣ ቅጂውን ያሠራው ፕሮዲውሰር ደግሞ ሌላ። የከዋኙም የፕሮዲውሰሩም መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሦስቱም የእኔ ነበሩ፤ ሦስቱንም በአንድ ፊርማ አስረከብኩ። ነገሩ በሽማግሌ አለቀና 40,000 ብር ከፍዬ የገዛ ዘፈኔን መልሼ ገዛሁ። አንተ «ይህን ክሊፕ ብቻ፣ በዚህ ቻናል ብቻ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ» ብለህ አስጽፍ። ካልተስማማ ክሊፑ ይቅር። ደግሞም በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ስለተጫወትክ «የእኔን ወሰድክ» የሚልህ ቢመጣ አትደንግጥ፤ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። የአንተ የሚሆነው የራስህ ግጥም፣ የራስህ ዜማና ቀረጻህ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። ክፍያው የሚመጣልኝ ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ ነው፤ እዚህ ሆኜ መቀበል ስላልቻልኩ አሜሪካ ባለችው እህቴ ስም ከፈትኩት። በስሟ የገባው ሁሉ እንደ ገቢዋ ሊታይ ስለሚችል ለግብር መዝገብ መያዝ ነበረባት። ይህን አስቀድሜ ባለመንገሬ ተቀይማኝ ከረመች፤ አንተ ቀድመህ ተነጋገር። መጀመሪያ የላከችልኝ ገንዘብ ደግሞ ተመልሶባታል። የአባቴ ስም መሐመድ በባንክ ደብተሬ ላይ በላቲን ፊደል በአንድ «ኤም»፣ በመታወቂያዬ ላይ በሁለት «ኤም» ተጽፎ ኖሯል። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ የምን ገንዘብ እንደሆነ ጠይቃኝ «የዘፈን» ስላት ወደ ባልደረባዋ ዞራ ሳቀች። ዘፈን ሥራዬ ነው፤ ልጆቼን የማሳድግበት ነው። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ባንድካምፕ ከማውረጃ ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ከ7 ዶላር 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም መሆኑ ነው። ክፍያ አስተላላፊውም የራሱን ይቆርጣል። ዋጋህን ዝቅተኛ ወሰን አድርገህ አስቀምጥና ገዢው ከፈለገ እንዲጨምር ፍቀድለት። 7 ዶላር ላልኩት አልበም አንድ የማላውቀው ሰው 30 ዶላር ከፍሎ «መሲንቆው ሲጀምር ጦሳ ተራራ ፊቴ ላይ ቆመ» ብሎ ጻፈልኝ። አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ሦስተኛውን ዛሬውኑ አድርገው። ባንድካምፕ ለመጫን ኤምፒስሪ አይቀበልም፤ የድምፁን ጥራት ሳይቀንሱ የሚያስቀምጡትን ዌቭ ወይም ፍላክ የሚባሉ ፋይሎች ይፈልጋል። እኔ ከስቱዲዮ የወሰድኩት ኤምፒስሪ ብቻ ነበር። ዋናውን ፋይል ስጠይቅ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ጠፍቷል» ተባልኩ፤ ሁለት ዘፈኖች እንደገና መቅረጽ ግድ ሆነብኝ። ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ በፍላሽ አትጨናነቅ፤ ሃርድ ዲስክ ይዘህ ሂድ። ተቀናብሮ ያለቀውን ብቻ ሳይሆን ክራሩን፣ ድምፅህን፣ ከበሮውን ለየብቻ ጠይቅ። እዚያው እያለህ እያንዳንዱን ከፍተህ እስከ መጨረሻው አዳምጥ፤ ከዚያ ቀሪ ሂሳብህን ክፈል።