አካባቢ ሳይንስ ልማር ወይስ እንጀራ የሚወጣው ትምህርት?

ከብቸና አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደች አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሏል። አባቴ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ጠፍቶበታል። ዝናቡ ይዘገያል፣ ሲመጣ ደግሞ አፈሩን ጠርጎት ይሄዳል። አካባቢ ሳይንስ ልማር ስል ጓደኞቼ ‹ሥራ የለውም› ይሉኛል። አባቴ ‹ጤና ተማሪ› ይላል። አንዳንዴማ ምን ብማር ምን ይለወጣል እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አባትሽ ያየው ነገር ሳይንሱ ከሚለው ጋር ይገጥማል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከማሳው ላይ ውሃውን ቶሎ ይመጠዋል፤ ሲለቀው ደግሞ በአንዴ ይዘረግፈዋል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። እ.ኤ.አ. 2024 መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከሁሉም የሞቀው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረውም ከ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ ነበር። አባትሽ የዚህ ባለዕዳ አይደለም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አምስተኛውን ያህል የያዘችው አፍሪካ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ልቀቷ ከዓለም 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን ዝናብ ጠብቆ በሚያርሰው ሰው ላይ ይበረታል።

ሆኖም የሚደርሰውን ሁሉ በአየር ንብረት አታሳብቢ። የጎጃም ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። ዋናው ምክንያት ብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን ንጥረ ነገሩን እያጠበ ስለወሰደው ነው፤ መፍትሔውም ኖራ ነው። ተዳፋቱ እስከ አፋፉ ታርሶ እርከን ከሌለው፣ መካከለኛ ዝናብም ይጠርገዋል። የትኛው ጉዳት ከሙቀቱ እንደመጣ፣ የትኛው ከአስተራረስ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ባለሙያ በየወረዳው እምብዛም አይገኝም። ዋናው የምመክርሽ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ስሙ ላይ «አየር ንብረት» ወይም «አካባቢ» የሚል የተጻፈበትን ትምህርት አታሳድጂ። እጅሽ ላይ የሚቀር ሙያ ያዢና ወደ ችግሩ ውሰጂው።

ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ነው የያዙት። የመንግሥት ቅጥር ቀዝቅዟል። ድርጅቶች የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ብዙ የመስክ ሥራም ተስተጓጉሏል። ይህን ልደብቅሽ አልችልም። አካባቢ ሳይንስ መጥፎ ትምህርት አይደለም፤ ችግሩ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት አስይዞ ሊለቅሽ መቻሉ ነው። ቀጣሪ ደግሞ «ምን መሥራት ትችያለሽ?» ነው የሚልሽ። «አፈር መርምሬ ለዚህ ማሳ ይህን ያህል ኖራ እላለሁ»፣ «ቦይ እነድፋለሁ»፣ «የ40 ዓመት የዝናብ መረጃ ተንትኜ ካርታ አወጣለሁ» የምትል ልጅ መልስ አላት።

ስለ ዝናቡ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ዛሬውኑ መጀመር የምትችይው ሥራ ነው። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ጣሳ ፈልጊ። ከዛፍና ከጣሪያ በራቀ ሜዳ ላይ ንፋስ እንዳይጥለው አድርገሽ አቁሚው። ጠዋት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ መዝግቦ መድፋት ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም የዕለቱን ዝናብ የሚለኩት በዚህ ሰዓት ነው። አንቺ ግቢ ስትሆኚ ቤት ያለ ታናሽ ይለካልሽ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 200 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው። በሁለት ቀን ከወረደ ማሳው ይጠጣዋል። በአንድ ሰዓት ከወረደ ግን አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓትም ይጻፍ።

ከዚያ አባትሽንና ጎረቤቶቹን ጠይቂ። «በስንት ዓ.ም. መቼ ዘራችሁ?» ብትያቸው ቀኑን አያስታውሱትም። «ያን ዓመት ጤፉ የተዘራው ከሐምሌ ገብርኤል በፊት ነው ወይስ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ?» ብትያቸው ግን ይነግሩሻል። የዋልካ አፈር ጤፍ ውሃው እስኪቀንስ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ የዘር ሳምንቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ይህን «ቺርፕስ» ከሚባለው የሳተላይት ዝናብ መረጃ ጋር አስተያዪው። በነጻ ይወርዳል፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ካርታ ለመሥራት ኪውጂአይኤስ የተባለው ሶፍትዌርም ነጻ ነው። ላፕቶፕ ከሌለሽ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ይበቃል። በምረቃሽ ዓመት «የብቸና አካባቢ የክረምት አገባብ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» የሚል የራስሽ ሥራ ይኖርሻል። ብዙ ተመራቂ ሲቪው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

እንግዲህ ምርጫሽን በተመለከተ፦ ዩኒቨርሲቲሽ ከሚሰጠው ውስጥ እኔ ብሆን በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን አስቀምጥ ነበር፤ አፈርና ውሃ ላይ አተኩሬ። ቀጥዬ ስታቲስቲክስን። ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ግን መረጃ መተንተን የሚችል ሰው በግብርናም በጤናም በባንክም ይፈለጋል። ሜትሮሎጂ ከወደድሽ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ አስቢው። የመስኖ ሥራም አለ። መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ግድብ ከተገነባ በኋላ ውሃውን በየቦዩ በትክክል የሚያከፋፍል ባለሙያ ካልኖረ ግማሹ ይባክናል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወንድም ካለሽ ደግሞ ሀገራችን በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏን ንገሪው። የኤሌክትሪክ መኪና ጠጋኝ ገና ብዙ አልሠለጠነም።

ሙያ ለምን እንደሚያስፈልግ ጎረቤት አዊ ላይ ይታያል። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራሉ። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፣ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ የተራቆተው ኮረብታ ለመለመ፣ ቤተሰብም ገቢ አገኘ። ገበሬው ራሱ ያስፋፋው ሥራ ስለሆነ በጣም አከብረዋለሁ። ችግሩ መሬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መሆኑ ነበር። ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ሲገባ በብዙ ማሳ ላይ ተክሉን አደረቀው፣ ገቢውም አብሮ ወደቀ። እዚያ የሚያስፈልገው «ዛፍ ትከሉ» የሚል ሰው አይደለም፤ ሲተክሉ ኖረዋል። የዕፅዋት በሽታ የሚያውቅ፣ ዝርያ አሰባጥሮ የሚያስተክል፣ ከከሰል ሌላ ገበያ የሚያፈላልግ ነው የጎደለው።

«ምን ይለወጣል?» ላልሽው ግን እቃወምሻለሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት በፊት ዓለም በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ 4 ዲግሪ ሙቀት እየሄደች ነው ይባል ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባሉት ፖሊሲዎች የሚገመተው ከ3 ዲግሪ በታች ነው። ይህም ገና አደገኛ ነው። ቢሆንም የወረደው በሰው ሥራ ነው፤ እያንዳንዷ የዲግሪ አንድ አሥረኛም የምትታደገው ሰብልና ሕይወት አለ። ማንበብሽን አትተዪ። ግን ሌሊት በስልክ አስፈሪ ዜና ከማሳደድ፣ ያንን ሰዓት ለትንተና ልምምድ ስጪው።

የአባትሽ ምክርም የሚናቅ አይደለም። ልጁ በየወሩ ደመወዝ እንድታገኝ መፈለጉ ነው። ጤናም ቢሆን ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታ እንደሚወጣ፣ ከደብረ ዘይት አካባቢ በተሰበሰበ መረጃ የተሠራና በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ደጋ ላይ ወባ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው የጤና ባለሙያ ነው። ስለዚህ ጤና ቢደርስሽ ሕልሜ ቀረ ብለሽ አታልቅሺ፤ የሕብረተሰብ ጤና ላይ ሆነሽ ይህንኑ መሥራት ትችያለሽ። ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጊ። ከየዲፓርትመንቱ አምና የተመረቁ ሁለት ሁለት ልጆች ፈልገሽ አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ቤት ሄደሽ፣ ወይም ደውለሽ፣ ምርጫሽን በቅደም ተከተል ለአባትሽ አንብቢለት። የሚለውን እስከ መጨረሻው ስሚው። መልሱን ጻፊልኝና ደረጃውን አብረን እናስተካክላለን።