የሕግ ምክር፦ ለአሳማ የተቆፈረ ጉድጓድና የሽማግሌ ወረቀት

ጥያቄው የመጣው ከምዕራብ ጎጃም፣ ከወንበርማ ወረዳ ነው። ስማቸው እንዳይወጣ የጠየቁ አርሶ አደር እንዲህ ይላሉ፦ «በቆሎዬ እሸት ከያዘ ጀምሮ የዱር አሳማና ከርከሮ እየተፈራረቁ ጨረሱብኝ። ማማ ሠርቼ ከልጆቼ ጋር እያደርኩም አልተቻለም። ፈቃድ ያለው መሣሪያ አለኝ፤ ተኩሼ ብገድል እጠየቃለሁ? መንግሥት ለጠፋው ሰብሌ ካሳ ይከፍለኛል? ጉድጓድ ቆፍሬ ወይም መርዝ አድርጌ ብይዝስ? ጉድጓዱ ከእግር መንገዱ አሥራ አምስት እርምጃ ይርቃል። ለማወቅ ያህል፣ የሰው ከብት ቢገባበት ተጠያቂው ማን ነው? በመጨረሻም፣ ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ፍርድ ቤት ይጸናል?»

ጋሼ፣ ከጥያቄዎችዎ ገሚሱ ስለ አሳማ ነው፣ ገሚሱ ስለ ሰው። የአሳማውን ቶሎ ልጨርስ።

መግደልን በተመለከተ፦ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው (ሕገ መንግሥት ቁጥር 40(3))። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ያስቀጣልም። እዚህ ላይ ከጎጃም ደንበኞቼ ሁልጊዜ የምሰማት ክርክር አለች፤ «ከርከሮ እኛ ዘንድ አይበላ፣ ታዲያ ምኑን አደንኩት?» ሕጉ በላህ ወይስ ጣልከው ብሎ አይጠይቅም። በጥይት መግደልም በወጥመድ መያዝም ያው ማደን ነው። የመሣሪያ ፈቃድዎ መሣሪያውን ለመያዝ የተሰጠ እንጂ የአደን ፈቃድ አይደለም፤ እሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞስ በአሁኑ ሰዓት ሌሊት የተሰማን ተኩስ «ለአሳማ ነው» ብሎ ተኝቶ የሚያድር ማን አለ? እንስሳው ሰው ላይ ሲመጣ ነፍስን ማዳን ሌላ ነው፤ ሰብል ውስጥ የገባን አሳማ ተከታትሎ መግደልን ግን ከዚያ ጋር አያገናኙት።

ካሳውን በሚመለከት፣ የዱር እንስሳ ላጠፋው ሰብል መንግሥት ለአርሶ አደር የሚከፍልበት፣ በሥራ ላይ የዋለ አሠራር እስካሁን አልገጠመኝም። ጠብቀው አይቀመጡ። ጉዳቱን ግን ያስመዝግቡ፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መርዙን ይተዉት። ለተባይ የተሸጠ ኬሚካል በበቆሎ ለውሶ ማስቀመጥ ከፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ጋር ያጋጫል። መርዝ አሳማውን ለይቶ አይገድልም፤ የጎረቤት ውሻ፣ ጥንብ አንሳ፣ የሰው ከብት፣ ከዚያም አልፎ የሚጠጣ ውኃ አለ።

አሁን ወደ ሰውየው።

«ጉድጓድ ቆፍሬ ብይዝስ» ብለው ጽፈዋል፤ ገና ያላደረጉት ያስመስላል። ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ከመንገዱ አሥራ አምስት እርምጃ ይርቃል ይላል። ያልተቆፈረ ጉድጓድ በእርምጃ አይለካም፣ ጋሼ። «ለማወቅ ያህል» ብሎ ስለ ሰው ከብት ጠይቆ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ የሽማግሌ ወረቀት ይጸናል ወይ የሚል ሰው ደግሞ ከብቱ ገብቶበታል፤ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ምናልባትም ወረቀቱ ተረቅቆ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ግምቴ ስሕተት ከሆነ ደስታውን አልችለውም። ልክ ከሆነ ግን ጠበቃን እንዲህ በዙሪያ ጥምጥም መጠየቅ የሚጎዳው ጠያቂውን ነው። የደንበኛ ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ እንዳለ ይንገሩን።

የገባው በሬ ይሁን ጊደር አላወቅሁም። ሰው ከሆነ፣ ያውም ልጅ ከሆነ፣ የቀረውን ማንበብ ይተዉና ነገ ጠዋት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይፈርሙ። ከብት ነው ብዬ ልቀጥል።

ኃላፊነቱ የማን ነው? የእርስዎ ነው። «በገዛ መሬቴ» ማለት እዚህ አያድንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 መርዝ በመጠቀም ወይም የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ ሰው አደጋው ሲደርስ ተጠያቂ ነው ይላል። ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት አይመረመርም። በቅጠልና በአፈር ተሸፍኖ ከሰው መንገድ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ከዚህ ያመልጣል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ካገኙ ክፍያውን ቀድመው አይስጡት። የከብቱ ባለቤት ለመክሰስ ሁለት ዓመት አለው (ቁጥር 2143)።

አንድ ነገር ግን ለእርስዎ ልጠይቅልዎ፤ በሬው በዚያ ሰዓት እማሳዎ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ባለቤት ከብቱ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል (ቁጥር 2071)። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበትም ካሳው ይቀነሳል (ቁጥር 2098)። ሳይጠበቅ ሌሊት የተለቀቀ ከብት በቆሎዎን ሲበላ ከገባ ይህ ከሒሳቡ ይገባል። በሽምግልና ላይ ይህን የሚያነሣ ብዙም አላየሁም፤ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው።

ወረቀቱ ይጸናል ወይ ላሉት፦ አዎ፣ ይጸናል። ችግሩም ይኸው ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ቦታ ይህ ስለሆነ ታገሡኝ። ይዘውልኝ የሚመጡት ወረቀት ከወረዳ ወረዳ ብዙ አይለያይም። ከደብተር የተቀደደ ሉክ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንዲህ የሚል፦ «እኔ እገሌ ለዱር አሳማ ብዬ በቆፈርኩት ጉድጓድ የእገሌ በሬ ገብቶ ስለሞተ ጥፋቴን አምኜ ይህን ያህል ብር ለመክፈል፣ ወደፊትም በዚሁ ጉድጓድ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊነት ለመውሰድ ተስማምቻለሁ። ይህን ባፈርስ ለተበዳይ ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ገደብ እከፍላለሁ።» ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ፣ የሦስት ሽማግሌ ፊርማ፣ አንዳንዴም የቀበሌ ማኅተም።

እንዲህ ያለው የእርቅ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ የሚታይ ሲሆን በተስማሚዎቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው (ቁጥር 3312)። በኋላ «ሽማግሌ አፍሬ ፈረምኩ» ቢሉ በቀላሉ የሚሰማዎት የለም። የተጻፈውን ብር ይከፍላሉ፤ ይህ ትንሹ ነው።

ትልቁ ከዚያ በፊት ያሉት ቃላት ናቸው። «ለዱር አሳማ ብዬ» የምትለዋን ይመልከቱ። የበሬው ባለቤት ስለ አሳማው ደንታ የለውም፤ ሽማግሌዎቹም የላቸውም። እርስዎ ግን በአሻራዎ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ለማጥመድ መቆፈርዎን አምነዋል። ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ቀበሌ ይቀመጣል። ነገ ከሌላ ሰው ጋር በድንበር ሲጣሉ ያ ወረቀት ከየት እንደሚወጣ አያውቁም። የበሬውን ጉዳይ የዘጋው ወረቀት የአዋጅ ቁጥር 541ን በር ይከፍታል።

ቀጥሎ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የምትለዋ። ለማን? እስከ መቼ? ስንት ብር? ወሰን የሌለው ግዴታ ላይ አይፈርሙ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ጉድጓዱ ክፍቱን ማደሩ ነው። ካሳ የከፈለ ሰው ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ አሳማው ደግሞ አሁንም ይመጣል፤ ስለዚህ ቅጠሉን መልሶ ያለብሰዋል። አያድርገውና በሚቀጥለው ሰው ቢገባና ቢሞት ምን ይሆናል? ሆን ተብሎ ሳይሆን በጥንቃቄ ጉድለት ከሆነ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ሊባል ይችላል፤ በመነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። አደጋው ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የተወን ሰው ግን ቁጥር 58 አስቦ እንዳደረገው ይቆጥረዋል። ያን ጊዜ ክሱ ወደ ቁጥር 540 ሊሻገር ይችላል፤ እሱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ዐቃቤ ሕግ አደጋውን ያውቁ እንደነበር ለማስረዳት ምስክር ሲፈልግ አይውልም፤ ያውቁ እንደነበር የሚናገር፣ ቀንና አሻራ ያለበት ወረቀት አለውና።

የሽማግሌ እርቅም ያን ክስ አያስቆምም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ተበዳይ ከታረቀ ጉዳዩ ይቆማል፤ ሰው የሞተበት ወንጀል ከነዚያ አይደለም። እርቁና የተከፈለው ካሳ የሚጠቅመው ለቅጣት ማቅለያ ነው (ቁጥር 82)።

ሽምግልናን እየነቀፍኩ አይደለም። በእኛ አገር ሳይታረቅ የቀረ የበሬ ጠብ የት እንደሚደርስ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ በሬን በሽማግሌ መጨረስ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይሻላል። የምለው ወረቀቱ አጭር ይሁን ነው፤ የማን ከብት፣ መቼ፣ ግምቱ ስንት፣ ስንት ተከፈለ፣ የበሬው የካሳ ጥያቄ በዚህ ማለቁን፣ ጉድጓዱ በዚህ ቀን መደፈኑን። ውሸት ይጻፍ አላልኩም። ከበሬው ዋጋ ጋር የማይገናኝ ቃል አይግባበት ነው። ጥፋትን ማመን፣ የወደፊት ግዴታና ገደብ ካለበት ጠበቃ ሳያየው አሻራዎ አይረፍበት።

ጉድጓዱን ዛሬውኑ ይድፈኑ። ከመድፈንዎ በፊት ግን በስልክ ፎቶ ያስነሡት፤ ጥልቀቱን፣ ከመንገዱ ያለውን ርቀት፣ ዙሪያውን። የበሬውን ባለቤት ወገን ጠርተው እያዩ ይደፈን፤ ማስረጃ አጠፋ እንዳይባሉ። ከአንድ በላይ ከሆኑም ሁሉም ይደፈኑ። ቦታውንም ከመሬት ደብተርዎ ጋር ያስተያዩት፤ አሥራ አምስቱ እርምጃ በይዞታዎ ውስጥ ነው ወይስ ወል ግጦሽ ላይ? የወል ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ስለሚይዝ ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህን ይሁን።

የሰብሉን ጉዳት ማስመዝገብ ያልኩት ለዚህ ነው፤ የፈቃድና የእርምጃ ጥያቄ ያለ ሰነድ አይንቀሳቀስም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጥቶ አይቶ ይጻፍልዎ። ያየውን በትክክል ይጻፍ፤ ከርከሮ በቀን የሚሰማራ ነው፣ የሌሊቱ የዱር አሳማ ነው፣ ጃርት የበላውም በአሳማ ስም እንዳይመዘገብ፤ ተዓማኒነትዎን የሚያሳጣው እንዲህ ያለው ነው። ከዚያ ብቻዎን ሳይሆን ማሳቸው ከጫካው ጋር የሚዋሰን ጎረቤቶችዎን ይዘው ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ እርምጃ እንዲወሰድ ወይም እንዲፈቀድ። የዱር እንስሳት ጉዳይ የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ስሙ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ ያሳዩዎታል። ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በቅጂዎ ላይ ሳያስጽፉ አይመለሱ። መልስ እስኪመጣ ማማው፣ ውሻው፣ የእሾህ አጥሩ፣ ጅራፉና ቆርቆሮው አሉ፤ በወረፋ ከተጠበቀ ይቀላል።

የሽማግሌዎቹን ቀጠሮ በአንድ ሳምንት እንዲያራዝሙልዎ ይጠይቁ፤ እምቢ አይሉም። በዚያ ሳምንት ረቂቁን፣ የመሬት ደብተሩንና ፎቶዎቹን ይዘው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያለ ጠበቃ ያማክሩ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ካጠረዎ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይገኝ እንደሆነ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ይጠይቁ። እኔ ያየሁት የእርስዎን ወገን ብቻ፣ እሱንም በከፊል ስለሆነ ይህን ጽሑፍ እንደ መጨረሻ ምክር እንዳይወስዱት።