የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮሮጆ፣ ታክሲና የ97 ጣጣ

ባለፈው እትም ስለ 1997 ምርጫ የወጣውን ጽሑፍ ተከትሎ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ለሚመጣው ምርጫ የፓርቲ ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያ ልቀመጥ ነው። «በ97 ኮሮጆ ተገለበጠ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ማታ ቆጠራው ላይ ዋናው ነገር ምንድን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዋናው ነገር ጠዋት ነው የሚጀምረው። ኮሮጆው ባዶ መሆኑን አይተው ሲታሸግ፣ ጣቢያው ስንት የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደተረከበ ጠይቀው ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ። ይህን ቁጥር ያልያዘ ወኪል ማታ የሚያስታርቀው ነገር የለውም፤ ዝም ብሎ የሰው እጅ ሲያይ ያድራል።

ማታ ሦስት ቁጥር ይያዙ፤ መዝገብ ላይ የፈረሙት መራጮች፣ ከኮሮጆ የወጡት ወረቀቶች፣ ሳይሠራባቸው የቀሩትና ተበላሽተው የተመለሱት። ጣቢያው 1,000 ወረቀት ተረክቦ 812 ሰው ፈርሟል እንበል። 6 ሰው ወረቀቱን አበላሽቶ ሌላ ተቀይሮለታል። ሳይሠራበት የቀረው 182 መሆን አለበት። ከኮሮጆው 810 ቢወጣ አይደንግጡ፤ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ አይጠፋም፣ የፓርላማውን የክልል ምክር ቤቱ ኮሮጆ ውስጥ የሚጨምርም አለ። ስለዚህ ሁለተኛው ኮሮጆ ሳይከፈት «ጎደለ» አይበሉ።

840 ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 28 ወረቀት ማንም ሳይፈርምበት ገብቷል። ይህን ጊዜ የቀሩትን ወረቀቶች ያስቆጥሩ። 154 ከሆኑ ትርፉ የወጣው ከዚያው ከጣቢያው ጥራዝ ነው፤ 182 ከሆኑ ደግሞ ወረቀቱ ከውጭ ነው የመጣው። ሁለቱ የተለያየ ጥፋት ናቸው፣ የሚጠየቀውም ሰው የተለያየ ነው። አቤቱታዎ ላይ «ተጭበርብሯል» ብቻ ብለው ከጻፉ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ቀጥሎ የሚያጣላው ዋጋ አልባ ድምፅ ነው። ምልክት የሌለበትና ሁለት ቦታ ምልክት ያለበት አያከራክርም። የሚያከራክረው የጣት አሻራው ከሳጥኑ ትንሽ ወጣ ያለው ነው፤ የመራጩ ፍላጎት በግልጽ የሚታወቅ ከሆነ ይቆጠር ብለው ይከራከሩ፣ ለተቀናቃኝዎ የተሰጠውም ቢሆን። ለራስ ሲሆን «ግልጽ ነው»፣ ለሌላው ሲሆን «ጣል» የሚል ወኪል ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሰማው አያገኝም።

የመጨረሻው ቅጹ ነው። ባዶ ቅጽ ላይ፣ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢባልም፣ አይፈርሙ። ውጤቱ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ 96 በመንገድ ላይ 960 ሊሆን ይችላል፣ «ዘጠና ስድስት» ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ቅሬታ ካለዎት ቅሬታዎን አስመዝግበው ይፈርሙ፣ ቅጂዎን ይውሰዱ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውንም ፎቶ ያንሱ። ተናዶ ጥሎ መውጣት ክብር ይመስላል፤ ነገ ምርጫ ክልሉ ላይ ድምር ሲደመር ግን ባዶ እጅ ያስቀራል። ባትሪና እራት ይዘው ይግቡ። ብዙ ስህተት የሚሠራው መብራት ሲጠፋና ሰው ሲርበው ነው።

ጥያቄ፦ ግንቦት 7 ተመርጦ የመጨረሻው ውጤት ለምን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ተንጓተተ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሰኔ 1 ሊገለጽ የነበረው ውጤት አቤቱታ ስለበዛ ወደ ሐምሌ 1 ተገፋ። ከ547ቱ የምርጫ ክልሎች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ክስ ቀርቦ ነበር። ምርጫ ቦርድ ያጣራውን አጣርቶ የቀረውን ለአጣሪ ቡድኖች መራው። ቡድኑ ሦስት ሰው ነበረው፤ አንድ ከቦርዱ፣ አንድ ከከሳሽ ፓርቲ፣ አንድ ከተከሳሽ ፓርቲ። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ስለነበር ሁለቱ ፓርቲዎች እየተሻሩ ፍርዱ በቦርዱ ተወካይ እጅ ወደቀ። የቦርዱን ገለልተኛነት ለሚጠራጠር ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ያለቀ ነበር ማለት ነው። ምስክር ወረዳው ድረስ መጥቶ ቆሞ መናገርም ነበረበት፤ ተናግሮ የሚመለሰው ደግሞ ወደዚያው ቀበሌ ነው። የተፈረመ የጣቢያ ውጤት የያዘ ወገን ሙግት ነበረው፣ የሌለው ግን ወሬ ብቻ።

በ31 ምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ምርጫው ተደገመ፤ የሶማሌ ክልልም ያን ቀን መረጠ። በመጨረሻ ገዥው ኢሕአዴግ 327፣ ከተቃዋሚዎቹ ጥምረቶች ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር ተባለ። በአዲስ አበባ ግን 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ቅንጅት ወስዶ ነበር።

ጥያቄ፦ የዚያን ጊዜ የታክሲ አድማ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፖለቲካው ነው። ሹፌሮቹ እንዴት ኖሩ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚኒባስን ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሹፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። በየቀኑ ለባለቤቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጁን ይሞላል፣ ለረዳቱ ይከፍላል፤ ለራሱ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ መኪና ሲቆም መጀመሪያ የሚጾመው ረዳቱ ነው፣ ቀጥሎ ሹፌሩ። ባለቤቱ ደግሞ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብሎ ይሰጋል። አንድ ቀን ማቆም ለሁሉም ይቻላል፤ በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ «ወይ ገቢ አምጣ ወይ ቁልፉን» ማለቱ አይቀርም።

ቅንጅት በ1998 ጥቅምት የጠራው እንቅስቃሴ ይህን ከግምት ያስገባ ይመስላል። መጀመሪያ የታሰበው መኪና ማቆም አልነበረም፤ ክላክስ ማድረግ ነበር። ክላክስ ገቢ አይቆርጥም። ከገዥው ፓርቲ ድርጅቶች አለመግዛትና ቤት መዋል በተከታታይ ሊመጡ የታሰቡ ነበሩ። ሆኖም ክላክስ ያደረጉ ሹፌሮች ታሰሩ፣ በማግስቱ ጥቅምት 22 ግጭቱ ፈነዳ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። ታሳሪው በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ እስከሚገኘው የደዴሳ ወታደራዊ ካምፕ ድረስ የተወሰዱ አሉ። ቤተሰብ ልጁ የት እንዳለ ሳያውቅ ከጣቢያ ጣቢያ ስንቅ ይዞ ይዞር ነበር።

ጥያቄ፦ እውነት የሞባይል ጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ ነበር? (ከጂዳ)

መልስ፦ አዎ፣ ከምርጫው በኋላ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ድምፅ ጥሪ ይሠራል፣ ጽሑፍ አይሄድም። ወሬ በቋሚ ስልክ፣ በታክሲ ውስጥና ማታ ማታ በአሜሪካና በጀርመን ድምፅ ሬዲዮ ይዞር ነበር። ቅንጅት ያሸነፈውን የከተማ ምክር ቤት አልረከብም በማለቱ አዲስ አበባም እስከ 2000 ድረስ የመረጠችው ምክር ቤት አልነበራትም። ከ1998 ግንቦት ጀምሮ ያስተዳደራት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራው ባላደራ አስተዳደር ነው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አለቃዬ የሁላችንንም የምርጫ ካርድ ቁጥር መዝግቦ እንዲያስረክብ ለጸሐፊዋ ነገራት። ማንን እንደመረጥኩ ሊያውቁ ይችላሉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከካርዱ ቁጥር አያውቁም። ቁጥሩ የሚያሳየው መመዝገብዎን ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ ድምፅ መስጠትዎን ብቻ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የእርስዎ ስምም ቁጥርም አይሰፍርም። ወረቀትዎ ላይ በብዕር የመራጩ ቁጥር ሲጻፍ ካዩ አይቀበሉት፤ እዚያው ለወኪሎች ያሳዩና ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ስምዎን ወይም ፊርማዎን እርስዎም አያስፍሩበት፤ ማንነትዎ ይታወቃል፣ ድምፅዎም ዋጋ ሊያጣ ይችላል። አንዳንድ ቦታ «የመረጥከውን ፎቶ አንሥተህ አምጣ» የሚባል ነገር ይሰማል። ስልክዎን ቤት ትተው ይሂዱ፤ ስልክ ያልያዘን ሰው ፎቶ የታለ ብሎ ማስጨነቅ ይከብዳል።

የድምፅ ምስጢራዊነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ አለ። ቢሮ ውስጥ ግን አንቀጽ እየጠቀሱ መከራከር አንዳንዴ ራስን ማስመዝገብ ይሆናል። «መመሪያው በጽሑፍ ይድረሰንና እንሰጣለን» ይበሉ። በጽሑፍ ከመጣ ኮፒውን ይያዙ፤ ቁጥሩን አልሰጥም ስላሉ ደመወዝ ወይም ዕድገት ከተነካብዎ ለአቤቱታዎ የሚያስፈልግዎ ያ ወረቀት ነው።